አውሮፕላኑ ሲነሳ ጥርሴ ነፍሴን ሊያወጣት ነበር፣ ሳርፍ ጠፋ። ምን ይሆን?

የመስኮት_ዳር (ሰኞ ማታ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። ነገሩ ትንሽ ያስቃል፣ እኔን ግን አላሳቀኝም። ትናንት የስድስት ሰዓት በረራ ነበረኝ። ከመሳፈሬ በፊት ምንም የለም፣ ጤነኛ ነኝ፣ እንዲያውም በዚያው ጥርስ ብስኩት ቆርጥሜያለሁ። ተነስተን አሥር ደቂቃ ገደማ እንደሄድን በግራ በኩል ያለው የታችኛው መንጋጋዬ፣ ከአራት ዓመት በፊት ያስሞላሁት፣ አንዴ ቆንጠጥ አደረገኝ። ችላ አልኩት። ከዚያ በመርፌ እንደመውጋት ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ጆሮዬ ድረስ ነዘረኝና እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በረራ የፈራሁ መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ» ብለው እጄን ያዙኝ። ጥርሴን ነው እንዳልላቸው አፌን መክፈት አልቻልኩም፣ ዝም ብዬ እጃቸውን ጨምድጄ ተቀመጥኩ።

ላይ ከወጣን በኋላ ቀስ እያለ በረደ። ስንወርድ ምንም። መሬት ላይ ከወረድኩ ወዲህም ምንም የለም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ትንሽ ይሰማኛል፣ እሱ ግን የቆየ ነው።

በዘጠኝ ቀን ውስጥ ተመላሽ ነኝ። እንደዚህ የሆነ ሰው አለ? አሁን ስለማያመኝ ልተወው ወይስ?

አራት_ሻንጣ

እግዜር ይማርሽ። ማስቲካ አኝኪ እህቴ። እኔ ሲነሳም ሲያርፍም ማስቲካ ከአፌ አይጠፋም፣ ምንም ሆኜ አላውቅም።

ቀልደኛው

የሴትዮዋ እጅ እንዴት ሆነ?

የመስኮት_ዳር

@ቀልደኛው ስንወርድ እያሻሹት ነበር። ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ነጭ_ጋዋን

ሰላም የመስኮት ዳር። ሥራዬ የጥርስ ሕክምና ነው፣ ሳላይሽ ግን ምርመራ አልሰጥም፣ የምነግርሽ የሚታወቀውን ነው።

መጀመሪያ ማስቲካው። ማስቲካ የሚጠቅመው ለጆሮ ነው። ስታኝኪና ስትውጪ ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ይከፈትና በሁለቱ በኩል ያለው ግፊት እኩል ይሆናል። ጥርስ እንዲህ ዓይነት ቱቦ የለውም። የታመመ ጥርስ ላይ ማኘክ ደግሞ ያብስበታል።

አሁን ወደ ጥርስሽ። አውሮፕላን ጤነኛ ጥርስ አያሳምምም። ቀድሞ የታመመውን ነው የሚያጋልጠው። ወደ ላይ ስትወጡ በጓዳው፣ መንገደኛው በሚቀመጥበት ክፍል ማለት ነው፣ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊት ሲቀንስ ደግሞ የታፈነ አየር ይለጠጣል። በሙሌቱ ሥር ክፍተት ካለ፣ ወይም ሙሌቱ ጠርዙ ላይ ለቆ ከሥሩ ጥርሱ መበላት ከጀመረ፣ እዚያ የታሸገው አየር መውጫ ስለሌለው ነርቩ ወዳለበት ይገፋል። ነርቩ ራሱ ቀድሞ ተቆጥቶ ከሆነማ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ጥርስ ማለት ግድግዳው የማይላላ ሳጥን ነው። እጅሽ ቢያብጥ ቆዳው ይለጠጣል፣ በጥርስ ውስጥ ያለው ለስላሳ ሥጋ ግን ማበጫ ቦታ የለውም።

ሰዓቱ ብዙ ይናገራል። እኔ ከበረራ የመጣ ታማሚ ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው «ሲነሳ ነው ወይስ ሲያርፍ?» ብዬ ነው። ሲነሳ ስል አድርጎ የሚወጋና ወዲያው የሚተው ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ነርቩ በሕይወት አለ ግን ተቆጥቷል። ሲነሳ የሚጠዘጥዝ፣ ደነዝ ያለ ሕመም ከሆነ ቁጣው የቆየ ነው። ስትወርዱ የሚጠዘጥዝ ከሆነ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ሲነሳም ሲወርድም የማይለቅ፣ በተለይ እብጠት ካለው ደግሞ በጥርሱ ሥር ጫፍ ላይ ኢንፌክሽን መኖሩን እጠረጥራለሁ። ይህ ከምርመራ አይተካም፣ ግን የት መፈለግ እንዳለብን ይጠቁማል።

ያንቺ ከመጀመሪያው ወገን ይመስላል፣ ቀዝቃዛ ውሃውም ይደግፈዋል። ዘጠኝ ቀን በቂ ጊዜ ነው። አሁን ስላላመመሽ አትተዪው።

የመስኮት_ዳር

ዶክተር በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስም አለው እንዴ ይሄ ነገር?

ነጭ_ጋዋን

አለው፣ ባሮዶንታልጂያ ይባላል፣ የግፊት ጥርስ ሕመም ማለት ነው። ድሮ ኤሮዶንታልጂያ ነበር የሚሉት፣ የሚያጠቃው በራሪዎችን ብቻ ስለመሰላቸው። ባሕር ውስጥ የሚጠልቁትንም እንደሚያገኛቸው ሲታወቅ ስሙ ተቀየረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተዋጊ አብራሪዎች ዘንድ በጣም ይወራለት ነበር።

አልቀበልም

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አምስት ጥርሴ ተቦርቡሯል። አምስት! በየወሩ እበራለሁ። አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። ይሄ የግፊት ወሬ እውነት ቢሆን እኔ እስካሁን ሞቼ ነበር። ዶክተሮች ሥራ ሲጠፋ…

ነጭ_ጋዋን

@አልቀበልም ጥሩ ነጥብ ነው፣ አልቀየምም። አፉን የከፈተ ቀዳዳ ውስጥ አየሩ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል፣ ስለዚህ የሚለጠጥ የታፈነ ነገር የለም። ችግር የሚመጣው ከላይ የተዘጋ፣ ከውስጥ የተበላሸ ጥርስ ላይ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የሚያመው የተሞላው ጥርስ እንጂ ክፍቱ ያልሆነው። አምስቱን ጥርሶችህን ግን አሳይ። በረራ ላይ ስላላመሙህ ድነዋል ማለት አይደለም።

ጡረተኛ_ቴክኒሻን

ልጄ የመስኮት ዳር፣ እኔ ጥርስ አላውቅም፣ አውሮፕላን ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጠግኛለሁ። ዶክተሩ ያሉት ግፊት ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ።

ብዙ ሰው አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር መሬት ላይ እንዳለው ይመስለዋል። አይደለም። በ11 ሺህ ሜትር ከፍታ ውጪ ያለው ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሩቡን እንኳ አይሞላም፣ ሰው በዚያ አየር ራሱን ስቶ ይወድቃል። ስለዚህ ማሽኑ አየር እየጨመቀ ወደ ውስጥ ያስገባል። ግን እስከ መሬቱ ልክ አይሞላም፣ ምክንያቱም የውስጡና የውጪው ልዩነት በበዛ ቁጥር አካሉ እንደ ፊኛ ይወጠራል፣ ያንን የሚችል አካል ለመሥራት ደግሞ ክብደት ይጨምራል። የተስማሙበት ወሰን 8 ሺህ ጫማ ነው፣ 2,440 ሜትር ገደማ። ማለት ወንበርሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ሰውነትሽ ግን ተራራ ላይ ነው። እዚያ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ከባሕር ወለል የታፈነ አየር ይዘሽ ከወጣሽ በሲሶ ያህል ሊሰፋ ይፈልጋል። ይህ ግፊት በግማሽ ቢቀንስ አየሩ እጥፍ ይሆናል የሚለው የቦይል ሕግ ነው፣ ከ1662 ጀምሮ የሚታወቅ።

በዓይንሽ ማየት ትፈልጊያለሽ? ላይ ሆነሽ የፕላስቲክ ውሃሽን ግማሹን ጠጪና ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ ዝጊው። ሲያርፍ ተመልከቺው፣ ሰው እንደረገጠው ተጨማዶ ታገኚዋለሽ። የቺፕስ ከረጢት ደግሞ በተቃራኒው ላይ ስትደርሺ ተነፍቶ ሊፈነዳ ይደርሳል። ጥርስሽ ያኔ የቺፕስ ከረጢቱን ሆኗል።

ሌላም ልጨምር። ሁለት ሺህ ምናምን ሜትር ላይ ካለ ደጋ ከተማ የሚነሳ ሰው ሲወጣ ብዙ ለውጥ አያገኘውም፣ ቀድሞውኑ ያንን ግፊት ለምዶታል። ለውጡ የሚመጣው ወደ ቆላ፣ ወደ ባሕር ሲወርድ ነው። ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ደግሞ የተገላቢጦሽ። ከየት ወዴት እንደምትሄጂ አስቢው።

አራት_ሻንጣ

ጋሼ እንደዚህ የሚያስረዳ አስተማሪ ቢኖረኝ ፊዚክስ አልወድቅም ነበር። አዲሶቹ አውሮፕላኖች ይሻላሉ የሚባለውስ እውነት ነው?

ጡረተኛ_ቴክኒሻን

እውነት ነው። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ላይ የውስጡ ከፍታ ከ6 ሺህ ጫማ፣ ማለትም ከ1,800 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ተደርጎ ነው የተሠሩት፣ አካላቸው በአብዛኛው ከካርቦን ውህድ ስለሆነ መወጠሩን ይችለዋል። እዚያ አየሩ የሚሰፋው በሩብ ያህል ነው። ጆሮና ራስ ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። የበሰበሰ ጥርስ ግን አያድንም።

ድሮማ የባሰ ነበር። ጓዳው ግፊት የሚሞላለት የመጀመሪያው የመንገደኛ አውሮፕላን፣ ቦይንግ 307፣ ሥራ የጀመረው በ1940 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትና በጦርነቱ ጊዜ በክፍት ጓዳ ከፍ ብለው ይበሩ የነበሩት ልጆች ጥርሳቸውን ቢያማቸው አይገርመኝም።

ባዶ_ቦታ

ይሄን ክር ከሁለት ዓመት በፊት ባገኘው ኖሮ አንድ ጥርስ ይተርፈኝ ነበር።

የኔ በማረፍ ላይ ነው የነበረው። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። መውረድ ስንጀምር በቀኝ በኩል የላይኛው መንጋጋዎቼ፣ አንዱ ብቻ አይደለም፣ ሦስቱም አንድ ላይ ይጠዘጥዙ ጀመር። ጉንጬ ከዓይኔ ሥር ድንጋይ የተሸከመ ያህል ከበደኝ። ካረፍኩ በኋላ ሁለት ቀን አልተወኝም። ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ስል ጥርሶቼ ከቦታቸው የሚወድቁ ይመስለኝ ነበር። እያለቀስኩ በቅርብ ያገኘሁት ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ስሙ ይቅር፣ «ይሄኛው ነው» ብሎ አንዱን ነቀለው። እኔም ንቀለው ብያለሁ፣ አልዋሽም። በማግሥቱ ሕመሙ እንዳለ ነው! በኋላ የአንገት በላይ ሐኪም ሳይነስ ነው አለኝ። ጥርሱ ጤነኛ ነበር።

ምላሴ እስካሁን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ይመላለሳል።

ነጭ_ጋዋን

@ባዶ_ቦታ ያሳዝናል። ሰው ሁሉ ያንብበው።

ከላይኛው የኋላ ጥርሶች በላይ፣ ከላይኛው መንጋጭላ አጥንት ውስጥ፣ አየር ያለበት ባዶ ክፍል አለ፣ ሳይነስ የምንለው። የጥርሶቹ ሥር ከዚያ ክፍል ወለል ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረውም፣ አንዳንድ ሰው ላይ የሚለያቸው ስስ አጥንት ብቻ ነው። የሳይነሱ መተንፈሻ ወደ አፍንጫ የሚከፈት ጠባብ ቀዳዳ ነው። ጉንፋን ሲይዝ ያ ቀዳዳ ያብጥና ይዘጋል። ስትወርዱ የውጪው ግፊት ይጨምራል፣ ውስጥ ያለው አየር ግን መተኪያ አያገኝም፣ ስለዚህ ሽፋኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሕመሙ የሚሰማው ግን በጥርስ ነው፣ ምክንያቱም የሚያገለግላቸው ነርቭ አንድ ነው።

እንዴት ይለያል? ላይኛው ጥርስ ከሆነ፣ አንድ ሳይሆን ብዙ ጥርስ በአንድነት ካመመ፣ ሲያርፍ ከሆነ፣ አፍንጫ ከተደፈነ፣ ጎንበስ ሲሉ ከባሰ፣ ሳይነሱን ጠርጥሩ። «የቱ ጥርስ ነው?» ሲባሉ በጣት ማሳየት የሚያቅታቸው ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። የመስኮት ዳር የታችኛው ስለሆነ ይሄ አይመለከታትም።

ጉንፋን ይዞት የግድ የሚበር ሰው አፍንጫ የሚከፍት ስፕሬይ መውረድ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢጠቀም ይረዳዋል። ግን ከጥቂት ቀን በላይ አትጠቀሙበት፣ ስታቆሙት አፍንጫው ይብሱን ይደፈናል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጠላቂ_ነኝ

ከባሕር ሥር ሰላምታ። እኛ ጋ ይሄ ነገር የባሰ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ግፊቱ በሩብ ነው የሚቀንሰው፣ እኛ ግን 10 ሜትር ስንጠልቅ ብቻ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፣ የታፈነ አየር በግማሽ ይጨመቃል። ጓደኛዬ ክራውን፣ በጥርስ ላይ እንደ ቆብ የሚለጠፍ ሽፋን፣ ያለው ጥርስ ነበረው፣ ሲጠልቅ ምንም አላለም። ወደ ላይ ሲወጣ በመሃል ቆመና በእጁ ጉንጩን አሳየኝ። ላይ ስንደርስ ክራውኑ አፉ ውስጥ ተፈትቷል። በሲሚንቶው ቀዳዳ ቀስ ብሎ የገባው አየር ሲወጣ በፍጥነት መውጣት አቅቶት ገፍቶ ጣለው ማለት ነው። ጥርስ ራሱ የሚሰነጠቅበትም አለ።

በነገራችን ላይ ለጠላቂዎች፦ ከጠለቃችሁ በኋላ ወዲያው አትብረሩ። ለተደጋጋሚ መጥለቅ ቢያንስ 18 ሰዓት ቆዩ። ያ የጥርስ ሳይሆን የደም ጉዳይ ነው።

የቤት_መድኃኒት

አስፕሪን ክኒን ሰባብረሽ ድድሽ ላይ፣ ጥርሱ አጠገብ፣ አስቀምጪ። እናቴ የምታደርገው እንደዚህ ነው። ካልሆነ አሞክሳሲሊን ግዢና አምስት ቀን ዋጪ፣ ይጠፋል።

ነጭ_ጋዋን

እባክሽ አታድርጊው። አስፕሪን አሲድ ነው፣ ድድ ላይ ሲቀመጥ ሥጋውን ያቃጥለዋል፣ ነጭ ሆኖ ይላጣል። ጥርስ አሞት መጥቶ ድድ ተቃጥሎ የማክመው ሰው አለ። ቅርንፉድ ይሻላል፣ ውስጡ ያለው ዩጂኖል እውነትም ያደነዝዛል፣ እኛም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ቀላቅለን ለጊዜያዊ ሙሌት እንጠቀምበታለን። ግን ነርቩን ለጊዜው ያስተኛዋል እንጂ አያክምም።

አንቲባዮቲክ ደግሞ የተቆጣ ነርቭን አያበርድም። እብጠት፣ ትኩሳት፣ መግል ሲኖር በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ሕመም ማስታገሻ ለበረራው የምትፈልጊ ከሆነ ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል አብረው ሲወሰዱ ለጥርስ በጣም ጥሩ ናቸው፣ ከመነሳት አንድ ሰዓት ገደማ በፊት፣ ምግብ ቀምሰሽ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ እርግዝና ወይም ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ካለ ኢቡፕሮፌኑን ተዪው።

የጓዳ_ሠራተኛ

አስተናጋጅ ነኝ፣ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ በጣም ካመማችሁ ንገሩን። ዝም ብላችሁ አታልቅሱ፣ ማስታገሻ ይኖረናል፣ ቢያንስ ሁኔታችሁን እንከታተላለን። ሁለተኛ፣ መንጋጭላ ስላመመ ብቻ ሁሉ ነገር ጥርስ አይደለም። ደረት ጭምቅ፣ ላብ፣ ትንፋሽ እጥር፣ ግራ ክንድ ድረስ የሚሄድ ሕመም አብሮ ካለ ልብ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ጥሩን። አንድ ተሳፋሪ «ጥርሴ ነው» እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው አይቻለሁ፣ ጥርስ አልነበረም።

የመስኮት_ዳር (አርብ)

ሄድኩ! ለሁለተኛ ጊዜ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቦታ ራጅ አንስተው «ንጹሕ ነው፣ ምንም የለም» ብለው መለሱኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ዶክተሩ እዚህ የጻፉትን አስታውሼ አልረካሁም። ሌላ ቦታ ሄድኩ።

እዚያ ሐኪሟ ከሁሉ አስቀድማ «ሲነሳ ወይስ ሲያርፍ?» አለችኝ። ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ጥጥ በሚያቀዘቅዝ ስፕሬይ ነክራ መጀመሪያ ጤነኛውን ጥርስ ነካችው፣ ቀዝቀዝ አለኝና ወዲያው ሄደ። የታመመውን ስትነካው ግን ከወንበሩ ተነሳሁ፣ ጥጡን አንስታም ሕመሙ አልሄደም፣ በሰዓቷ ቆጠረች፣ ግማሽ ደቂቃ አለፈ። በመስታወቷ እጀታ ጠቅ ጠቅ ስታደርገው ግን አላመመኝም። ራጁ ላይ ሙሌቱ ራሱ ነጭ ሆኖ ከሥሩ ያለውን ሸፍኖታል አለች።

ማደንዘዣ ወግታ የድሮውን ሙሌት ስታወጣው ሽታው ለራሴ ደረሰኝ። በመስታወት አሳየችኝ፣ ከሥሩ ቡኒ ሆኗል፣ በመሣሪያዋ ስትቆነጥረው እንደ እርጥብ ቆዳ እየተላጠ ይወጣል። አራት ዓመት ሙሉ ከላይ የሚያምር ሙሌት ይዤ ስዞር ማለት ነው። ነርቩ ጋ ደርሷል፣ ሩት ካናል፣ ማለት ነርቩን አውጥቶ ቦዩን መሙላት፣ ያስፈልጋል አለች። ሦስት ቀጫጭን ቦይ ጠርጋ በአንድ ቀን ሞልታ ዘጋችው። አፌን ይህን ያህል ሰዓት ከፍቼ ስቀመጥ መንጋጭላዬ ነው ያመመኝ፣ ጥርሱ አይደለም።

በረራዬ ማክሰኞ ነው፣ አራት ቀን አለኝ። ዶክተር፣ ይበቃል?

ነጭ_ጋዋን

ተጠርጎ፣ ተሞልቶ፣ በደንብ ታሽጎ ካለቀ አራት ቀን ይበቃል። ዋናው መጠናቀቁ ነው። እኔ የማልወደው ግማሽ ተሠርቶ፣ ቦዮቹ ባዶ ሆነው፣ በጊዜያዊ ሙሌት ብቻ ተዘግቶ መብረርን ነው፣ ከታች ባዶ ቦታ ከላይ ክዳን ማለት ነው። እብጠት ወይም እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ካየሽ ግን ተመለሺና አሳያት። ክራውኑን ደግሞ አትርሺው፣ ነርቩ የወጣ መንጋጋ ሳይሸፈን ከቆየ ይሰነጠቃል።

ሐኪሟን አድንቄያለሁ። ራጅ ብቻውን ነርቭ መቆጣቱን አያሳይም።

ቸኮለ_ቸኮለ

ዶክተር ይቅርታ እኔም ልጠይቅ። ትናንት የላይኛውን መንጋጋ አስነቀልኩ። ነገ ጠዋት በረራ አለኝ። ውሃ ስጠጣ በአፍንጫዬ የሚወጣ ይመስለኛል፣ ነው ወይስ እየቃዠሁ ነው?

ነጭ_ጋዋን

@ቸኮለ_ቸኮለ እየቃዠህ አይደለም። ዛሬውኑ የነቀለህ ሐኪም ጋ ሂድ። ጥርሱ ሲወጣ በአፍህና በሳይነስህ መካከል ቀዳዳ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። እስኪታይ ድረስ አትናፈጥ፣ ሊያስነጥስህ ቢል አፍህን ከፍተህ አስነጥስ፣ በስትሮ አትጠጣ። የነገውን በረራ አራዝም። ሐኪሙ ይሁን ሳይልህ እንዳትበር።

ቸኮለ_ቸኮለ

ሄጃለሁ። ቀዳዳ ነበረ። ሰፉልኝ። በረራው ተራዘመ፣ አለቃዬ ተቆጥቷል፣ የሱ ይለፍልኛል።

አልቀበልም

እሺ እሺ። ለሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። ለአምስቱም። ሳይቃጠል በቅጠል ትላለች እናቴ፣ የኔ ግን ቅጠሉ ያለፈበት ይመስለኛል።

የመስኮት_ዳር (ረቡዕ)

ደረስኩ።

ማስታገሻውን በኪሴ ይዤ ነበር፣ አልዋጥኩትም። ሲነሳ ሁለት እጄን ወንበሩ ላይ አድርጌ ያ ቁንጥጫ እስኪመጣ ጠበቅሁ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። የሚያመኝ ነገር ነበረ፣ ግን መንጋጭላዬ ነው፣ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ ለካ እንደ ድንጋይ አድርቄዋለሁ። አላላሁት፣ ጠፋ። ስንወርድ ጆሮዬ ጠቅ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

ጋሼ ቴክኒሻን፣ ጠርሙሱን ሞክሬዋለሁ። ላይ ሆኜ ግማሹን ጠጥቼ ዘጋሁት። ስናርፍ ጎንና ጎኑ ገብቶ ወገቡ ቀጥኖ ነበር፣ ክዳኑን ስከፍተው ፍሽ ብሎ አየር ሳበና ተመልሶ ቆመ። አጠገቤ የነበረው ልጅ እንደገና ዝጊው እንደገና ክፈቺው እያለ አስቸገረኝ።

@ቀልደኛው የማንንም እጅ አልያዝኩም።